ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት

ጡረታ ወጥቼ ሥራ አልፈታ ብዬ ቤተሰቤን ያስቸገርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ጓሮውን ኮትኩት አለችኝ፣ ልጄ ዋና ጀምር አለችኝ፤ እኔ ግን ያለ ካርታ መዋል አልቻልኩም። ሠላሳ ምናምን ዓመት የመሬት አጠቃቀም ጥናት ስሠራ ነው የኖርኩት። የውሃ ቱቦ ወይም መንገድ ወይም የመብራት መስመር በአንድ አካባቢ ሊያልፍ ሲታሰብ፣ መስመሩ የሚነካው መሬት የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራበት፣ ማን ሊከፋው እንደሚችል አስቀድሞ በሠንጠረዥ የሚያሰፍር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከዶዘሩ በፊት የምደርስ ሰው ነኝ እያልኩ እቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱ ብዙም አያስቀኝም።

ስለዚህ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የምህንድስና ድርጅት የሚሠራ የአገሬ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ትንሽ ኮንትራት አለች፤ ከቤትዎ ሆነው የሚሠሯት፤ ይይዙልኛል?» ሲለኝ አላስጨረስኩትም። ይህ ኢንጂነር በዲቪ የመጣ ነው። እንደመጣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጥ አገኘሁት፤ ዲግሪውን እንዲያስገመግም የነዘነዝኩት፣ ለመጀመሪያ ሥራው የድጋፍ ደብዳቤ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። አሁን እሱ የፕሮጀክት ኃላፊ፣ እኔ የእሱ ተቀጣሪ ሆንን። ይህ መገለባበጥ እኔን ሲያስደስተኝ እሱን ያሳፍረዋል። ስብሰባ ላይ ሊያዘኝ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካላስቸገርኩዎ» ይላል፤ ፈረንጆቹም ምን እንደነካው አይገባቸውም።

ሥራው የጋዝ ቱቦ ነበር። ከካናዳ ሰሜን ጫፍ ተነስቶ ብዙ ሐይቅና ጫካ አቋርጦ ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ ገና ከወረቀት ያልወጣ ሐሳብ ነው። ገንዘቡን ያወጣሉ የተባሉት ባለሀብቶች ያሉት ሳን ሆሴ ነው። ጋዙ ካናዳ፣ ገንዘቡ ሳን ሆሴ፣ ካርታው ኦክላንድ፣ እኔ ደግሞ ካስትሮ ቫሊ ቤቴ ውስጥ ፒጃማዬን እንደለበስኩ። መስመሩ የሚያልፍበት አገር ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት የነባር ሕዝቦች ነው። እነሱም መሬቱ የእኛ ነው ብለው ከመንግሥት ጋር ድርድር ላይ ናቸው፤ ድርድሩ ገና አላለቀም። ቱቦውን ሊያስገባ የሚፈልገው ኩባንያ ደግሞ ድርድሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አይፈልግም።

የኔ ድርሻ ቀላል ነበር። መስመሩ በክፍል በክፍል ተቆራርጧል። ለእያንዳንዱ ክፍል የሳተላይት ፎቶ አይቼ፣ የተላከልኝን ሰነድ አገላብጬ፣ ከሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ፤ «ጥቅም ላይ የዋለ» ወይም «ጥቅም ላይ ያልዋለ»። ከዚያ በአንድ መስመር ምክንያቴን እጽፋለሁ። በደቡብ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች ጎጆዎችና ትንንሽ የድንች ማሳዎች አይቼ «የዋለ» አልኩ፤ መስመሩም እዚያ ጋ ጎበጥ ብሎ እንዲዞራቸው ተደረገ። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ወገቡ ላይ ይጠባል፤ ቱቦው የሚሻገረው እዚያ ጋ ነው። በፎቶው ላይ ቤት የለም፤ አጥር የለም፤ መንገድ የለም። ውሃና ድንጋይ፣ ከዚያ ጫካ።

የአገሩ ሰዎች የላኩት አንድ ካርታም ከሰነዶቹ ጋር ነበር። አሥራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየራሳቸው ቀለም፣ በሕይወት ዘመናቸው ያደኑበትን፣ ዓሣ ያጠመዱበትን፣ የተወለዱበትንና የቀበሩበትን ሁሉ በመስመር ያሰፈሩበት ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ከሥሩ ወፍራም ማብራሪያ ተያይዟል። ካርታውን አየሁት፤ ደስ አለኝ፤ ወደ ጎን አደረግኩት። ማብራሪያውን አላነበብኩትም። ለሐይቁ ክፍል «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቱን «ሰዎች ያልፉበታል፤ የሰፈረበትም ያለማውም የለም» አልኩ። ሥራውን ከቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ቀድሜ አስረከብኩና ኢንጂነሩ «ጋሼ፣ እርስዎማ ማሽን ነዎት» ሲለኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ የመሬት ላራሹ ትውልድ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ያንን መፈክር ስጮህ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ሦስት ቀን ድምፅ አልነበረኝም። ገበሬው አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ እኩሌታውን አይቶት ለማያውቀው ሰው ይሰፍር ነበር። ግፍ ነበር፤ ዛሬም ግፍ ነበር እላለሁ፤ በዚያ ጩኸቴ አልጸጸትም። ግን አንድ ነገር ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከደሜ ጋር ተዋህዷል፤ መሬት የሚገባው ላረሰው ነው። ያልታረሰ መሬት ሳይ ባለቤቱ ማነው ብዬ አልጠይቅም። ፈረንጅ ባልደረቦቼ መሬት ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ወረቀት ነው፤ እኔ የምፈልገው ፈር ነው። ያንን ሐይቅ እነሱም ቢያዩት ባዶ ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን ባዶ ያልኩት በፍትሕ ስም ነው፤ ስለዚህ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩም።

ነገሩን የነካካችው ልጄ ናት። ሳንታ ክላራ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ እሑድ እሑድ ምሳ ለመብላት ወደኛ ትመጣለች። አማርኛ ይገባታል፤ ስትመልስ ግን እንዳመጣላት ነው። በልቼ ጠግቤ ጉራዬ ተነስቶ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና አሳየኋት። ፎቶውን ትክ ብላ አየችው።

«ባባ፣ ዊንተር ላይስ?»

«ዊንተር ላይ ምን?»

«ይሄ ፒክቸር ሰመር ነው። ሌኩ ፍሪዝ ሲያደርግ ዩ ካን ወክ ኦን ኢት። ሰዎቹ ያኔ ቢመጡስ?»

«ቢመጡም ያልፉበታል እንጂ አይኖሩበትም። እይ፣ የታረሰ ነገር አለ?»

«ባባ!» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። «በረዶ ማን ያርሳል?»

ተናደድኩ። አንቺ ስለ መሬት ምን ታውቂያለሽ አልኳት፤ ስለ መሬት የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው አልኳት፤ እናቷም «ኧረ ተዋት፣ እሷ ምን አለች?» ብላ ሳህኑን ሰበሰበች። ልጄ ትከሻዋን ሰበቀችና ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን መነካካት ጀመረች። እኔ ግን እስክትሄድ ድረስ አኮረፍኩ። ሰው ትክክል ከሆነ አያኮርፍም፤ ይህንን በሰባ አንድ ዓመቴ ማወቅ ነበረብኝ።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ እንደወጣች ባለቀለሙን ካርታ እንደገና ከፈትኩት። በዚህ ጊዜ አረንጓዴውን መስመር በጣቴ ተከተልኩ። ዞሮ ዞሮ የሐይቁ ጠባብ ወገብ ላይ ደረሰ። ሰማያዊውን ተከተልኩ፤ እሱም እዚያው። አሥራ አንዱም ቀለሞች እዚያች ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ስለተሰመረ ቦታው ጠቁሯል። እኔ ጥቁሩ የገጹ ጉድፍ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ማብራሪያውን አነበብኩ። ክረምት ሲገባ በረዶው ተበስቶ ከሥሩ መረብ ይዘረጋል። የመረቡ ቦታ የታወቀ ነው፤ የእገሊት ቦታ፣ የእህቷ ቦታ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ። ሌላ ሰው መረብ መጣል ከፈለገ ባለቦታዋን ሄዶ ያስፈቅዳል። ባለቦታዋ ሞታ ልጅ ካልተወች ደግሞ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ለማን እንደሚገባ ይነጋገራሉ።

ይህ ርስት ነው። ከዚህ ሌላ ምን ስም ይሰጠዋል? አባቴ ከአጎቶቼ ጋር ሃያ ዓመት የተካሰሰበት ነገር ከዚህ በምንም አይለይም፤ ልዩነቱ የኛ አፈር ላይ፣ የነሱ በረዶ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ማፈር ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር፤ ፊቴ ብቻ ሳይሆን ጆሮዬም ጋለ።

ያን ጊዜ ያስታወስኩትን ነገር ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። ተማሪው ሁሉ ወደ ገጠር ሲዘምት እኔ የደረሰኝ ከአዋሽ ወዲያ ያለ ቆላ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው። የሄድኩት ልመዘግብ ነው፤ የታረሰውን ላራሹ፣ ያልታረሰውን ደግሞ መሬት ለሌለው። ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ የሣር ሜዳ ነበር፤ ሰው የለበትም፤ ከብት የለበትም። «ጠፍ መሬት» ብዬ ጻፍኩት። ከደጋ የመጡ ድሆች ገበሬዎች ተሰጣቸውና አረሱት፤ እኔም ታሪክ ሠራሁ ብዬ ለጓደኛዬ ረጅም ደብዳቤ ላክሁ። በጋው ሲጠና አርብቶ አደሮቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ ከሩቅ መጡ። ለካ ሜዳውን ለበጋ ብለው ነው በዝናቡ ወራት የማይነኩት፤ የተዉት ሣሩ እንዲተርፍላቸው ነው። አንድ ሽማግሌ ድንኳኔ ድረስ መጡና በአስተርጓሚ «እኛ ስንመጣ የት እንሁን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስለ ጭቁን ገበሬ ሰፊ ንግግር አደረግኩላቸው። ከዚያ ውስጥ አስተርጓሚው ስንት ቃል እንደነገራቸው አላውቅም፤ ሽማግሌው ግን ተነስተው ሄዱ። በዚያ በጋ ከብታቸው አለቀ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት አላስፈለገኝም። አንድ ሰው ነው የጻፋቸው።

ለኢንጂነሩ ወዲያው ደወልኩለት። ማብራራት ስጀምር «ጋሼ፣ በስልክ ባይሆን» አለኝ፤ ባቡር ይዤ ኦክላንድ ወረድኩ። ቢሮው አጠገብ ያለው ሐይቅ ዳር ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ መንገዱን የሞሉት ዝይዎች እግራችን ሥር ይርመሰመሳሉ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የቆላውን ግን አልነገርኩትም። አዳመጠኝና የያዘውን ሳንድዊች ሳይቀምስ ጠቀለለው።

«ጋሼ፣ ሰብሚት ተደርጓል እኮ። የኩባንያው ሎየሮች ለላንድ ክሌሙ መልስ ሲሰጡ የርስዎን ሺት አታች አድርገውታል። 'ኢንዲፔንደንት ኤክስፐርት ጥቅም ላይ ያልዋለ ብሎታል' ነው የሚሉት።»

«እኔን ነው ኤክስፐርት የሚሉት?»

«እርስዎን።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን አልሳቅሁም። ሰዎቹ እዚያ ሐይቅ ላይ ያላቸው መብት ሊወሰን ነው፤ በነሱ ላይ የቀረበው ምስክር ደግሞ ካስትሮ ቫሊ ውስጥ በፒጃማ የተቀመጠ እኔ ነኝ።

«ስለዚህ እናስተካክለው» አልኩት።

«እናስተካክላለን። ሪቪዥን እንለዋለን። 'ኒው ኢንፎርሜሽን ተገኘ' ብለን ያቺን ሮው ብቻ ቼንጅ እናደርጋለን። ኖ ቢግ ዲል። በየፕሮጀክቱ የሚደረግ ነው።»

«አዲስ መረጃ የለም። መረጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጄ ላይ ነበር። አዲስ መረጃ ካልን እነዚህ ሰዎች ዘግይተው ያመጡት ወሬ ነው ይባላል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ አጠፋሁ ብዬ ፈርሜ መስጠት አለብኝ።»

ኢንጂነሩ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት፣ የልቡን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ጡረታ አለዎት። እንደዚህ ተብሎ ሌተር ከገባ ኮንትራቱ አይታደስም። ቲሜ አምስት ሰው ነው። ሌይ ኦፍ ስንደረግ እኔ ምን ልበላቸው? ሬኮመንድ ያደረግኩዎት እኔ ነኝ።»

ያለው እውነት ነው። ሰው ከነቃ በኋላ የሚሠራው ጽድቅ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ኪስ የሚከፈል ይመስለኛል፤ ይህንን ሳስብ በራሴ ተናደድኩ፤ በሱም ተናደድኩ። «የኔ ልጅ» አልኩት፣ «ለሥራህ ደብዳቤ ስጽፍልህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ ነው የፈረምኩት። አሁንም የምፈርመው በዚያው ስሜ ነው።» አባባሌ ትልቅ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሳንድዊቹን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ «እሺ ጋሼ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳን ሆሴ ላይ ሚቲንግ አለ፤ ሰዎቹም ይመጣሉ፤ እዚያ ይበሉት» ብሎኝ ሄደ።

ስብሰባውን የጠሩት ባለሀብቶቹ ናቸው። ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሁለቱንም ወገን ፊት ለፊት መስማት ፈልገዋል፤ የአገሩ ሰዎችም ተወካያቸውን ከሰሜን ድረስ ልከዋል። ልጄ ፈረቃዋን ቀይራ አደረሰችኝ። ሚልፒታስ ጋ መኪናው ሁሉ ቆሞ ቀረ፤ በዚያ መሀል የምናገረውን በወረቀት ደጋግሜ ሳነብ «ባባ፣ ጀስት ቴል ዘም» አለችኝ። ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። የእሑዱን ነገር አላነሳችብኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

አዳራሹ ትንሽ ነው። ባለሀብቶቹ በአንድ በኩል፣ ኩባንያውና ጠበቃው በሌላ በኩል፣ ኢንጂነሩና እኔ ጥግ ላይ። ከፊት ለፊታችን ከሰማንያ ዓመት የማያንሱ አሮጊት ከጠበቃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ወፍራም ጃኬት፣ ነጭ ስኒከር። ከበረዶ አገር መጥተው በኛ አየር ማቀዝቀዣ በርዷቸው እጃቸውን በጃኬታቸው እጅጌ ውስጥ ከተዋል። ሐይቁ ላይ ካሉት የመረብ ቦታዎች አንዱ የሳቸው እንደሆነ ከማብራሪያው አውቄያለሁ።

ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። ወረቀቱን አላነበብኩም። «ያንን ክፍል ጥቅም ላይ ያልዋለ ብዬ የጻፍኩት መረጃ ስለጎደለኝ አይደለም» አልኩ። «መረጃው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አላነበብኩትም። ማረሻ ያልነካው መሬት ባለቤት ይኖረዋል ብዬ ስለማላስብ ነው ያላነበብኩት። አሁን አንብቤዋለሁ። ቦታው ባለቤቶች አሉት፤ በየክረምቱ ይሠሩበታል። የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ስህተቱም የኔ ነው።» ተቀመጥኩ። ልቤ ቀለል አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለራሴ ትንሽ ጥሩ ስሜት ተሰማኝ።

የኩባንያው ጠበቃ በጣም ትሑት ሴት ናት። ስለ ግልጽነቴ አመሰገነችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ሌሎቹንም ክፍሎች የመዘኑት በዚሁ ዓይን ነው?»

«አዎ።»

«በደቡብ ያሉትን ሁለቱን፣ ጥቅም ላይ የዋሉ ያሏቸውንም?»

ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ፤ ግን ዘግይቷል። «አዎ» አልኩ።

«እንግዲያውስ» አለች ወደ ባለሀብቶቹ ዞራ፣ «ባለሙያው ራሳቸው ምዘናዬ የተዛባ ነው ብለዋል። ሠንጠረዡ በሙሉ ከመዝገቡ እንዲወጣና ጥናቱ ከዜሮ እንዲጀመር እንጠይቃለን፤ የሰዎቹ ካርታም በአዲስ ቃለ መጠይቅ ይረጋገጥ።»

ሁሉም ተስማሙ። ምክንያታዊ ነው። የድንች ማሳዎቹን ከቱቦው ያዳኑት ሁለቱ ክፍሎች ከኔ ስህተት ጋር አብረው ወደቁ። የአሮጊቷ ጠበቃ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። እሳቸው ግን እኔን ነው ያዩት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣም ምስጋናም አላየሁም።

ለእረፍት ስንወጣ ኢንጂነሩ እንደ ልማዱ ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለኝ። አኩርፎኛል፤ ግን ትልቅ ሰው ቦርሳ ተሸክሞ አጠገቡ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር አጠገብ አስቀመጠልኝና አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ውጭ ወጣ። ተከትዬው ልሄድ ብዬ ተውኩትና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ አሮጊቷም መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። ከመስኮቱ ፀሐይ ይገባል፤ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

«አረንጓዴውን መስመር አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ በጣቴ የተከተልኩት እሱን ነው።»

«ወንድሜ ነው። ካርታውን የሠራነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ያኔ አሥራ አንድ ነበርን። አሁን አራት ቀርተናል። ወንድሜ የሞተው በዚህ በልግ ነው።» ወደ አዳራሹ በር አዩ። «እንደገና ይጠየቁ ይላሉ። ወንድሜን ማን ይጠይቀው?»

ይህንን አላሰብኩም ነበር። ጥፋቴን ስናገር የሚጠፋው ስሜ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የሰባት ሙታን ምስክርነት በኔ ሁለት ደቂቃ ንግግር ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። በኛ አገር ሰው እንዲህ ሲባል ምንም አይደለም ይላል፤ ጉዳት ደርሶበት እንኳ ምንም አይደለም ይላል። እሳቸው አላሉም። የቆላውን ነገር ነገርኳቸው፤ ሜዳውን፣ ጠፍ ብዬ መጻፌን፣ ሽማግሌው የጠየቁኝን። ለማንም ያልነገርኩትን ለምን ለሳቸው እንደነገርኩ አላውቅም። ምናልባት በልቤ ይቅርታ የሚያደርግልኝ ሰው ፈልጌ ይሆናል። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ያኔ ዕድሜህ ስንት ነበር?»

«ሃያ።»

«አሁንስ?»

«ሰባ አንድ።»

«በመሀሉ ሥራህ ምን ነበር?»

«ይኸው ሥራ» አልኩ። «መሬት እያየሁ ሠንጠረዥ መሙላት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩን እያወጡና እያወረዱ እንደሆነ ያስታውቃል። ከአዳራሹ ውስጥ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ ስለ ምሳ እያወሩ ነው።

«ታዲያ እስከዛሬ ስንት ቦታ ላይ እንደዚያ ጽፈሃል?»

ጥያቄው የተቆጣ ሰው ጥያቄ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። አፌን ከፈትኩ። ሸለቆው፣ በረሃው፣ የግጦሽ ኮረብታዎቹ፣ ረግረጉ፣ በመጋዘን የተከመሩት ሠንጠረዦች፣ ያቺ አጭር የምክንያት መስመር። ጥቂት ነው ልል ፈለግኩ። ብዙ ነው ማለትም ይቀል ነበር፤ ቢያንስ ኑዛዜ ይመስላል። ግን አንዱንም ሄጄ አላየሁትም፤ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። በቀስታ ጻፉ፤ ሲጨርሱ ደብተሩን ወደኔ አዙረው አስጠጉልኝ። ቀኑ አለ፤ ከሥሩ ጥያቄያቸው፤ ከሥሩ «አላውቅም አለ» የሚል።

«እንደዚህ ነው ያልከው?» አሉኝ። «ካልሆነ አስተካክለው።»

አነበብኩት። «እንደዚህ ነው» አልኳቸው።